የከፍተኛ ትምህርት ስንቅና የመምህር ምስክርነት

ትምህርት የሚሻ ሰው በአገራችን ልማድ ከአባቱ ቤት ሲወጣ ወርቅና ብር ይዞ አይወጣም። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፥ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ሲዘዋወር፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቆሞ ከመንደሩ ሰው ቁራሽ እየተቀበለ ይማራል። ቅኔ የሚሻው ወደ ዋሸራ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻው ወደ ዙር አምባ፥ ድጓ የሚሻው ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ትምህርቱንም በፈጸመ ጊዜ «ጨረሰ» ብቻ አይባልም፤ «አስመሰከረ» ይባላል። ይኸውም ስለ ዕውቀቱ መምህሩ መሰከረለት ማለት ነው። እንግዲህ የቀደመው የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት በሁለት ምሰሶ ቆሞ ኖሯል፤ አንደኛው የሕዝብ ምጽዋት፥ ሁለተኛው የመምህር ምስክርነት ነው።

ዛሬ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚሹት ወጣቶች የሚጠይቁት ጥያቄም ያው የጥንቱ ነው፤ «እስክማር ድረስ ማን ይመግበኛል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈር ጎልቶ ይታያል። ቂርቆስ ስሙን ያገኘው፥ በሕፃንነቱ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነትን በተቀበለው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካዛንቺስ ግን የጣሊያን ወረራ ትቶት የሄደው ስም ሲሆን፥ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት ቤቶች ማለት ነው። በ1950 ዓ. ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው በዚሁ ነው። በ2017 ዓ. ም. ከአሮጌው የካዛንቺስ መንደር ብዙው ክፍል ለከተማ ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። የዓለም መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ እያየ በዚያ ያደገው ልጅ ግን፥ እነዚያው መንግሥታት የሚሰጡት የትምህርት ርዳታ በየትኛው በር እንደሚገኝ ሳያውቅ ዕድሜው ያልፋል።

በሩ እንዳለ ግን በዚያው ሰፈር ምስክር ቆሟል። በ1953 ዓ. ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ፥ ኋላም በ1955 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ስፍራ፥ ስለ አፍሪካ ነጻነት በባለ ቀለም መስተዋት የተሠራው ታላቅ ሥዕል የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እጅ ሥራ ነው። አፈወርቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በመንግሥት ወጪ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ተሰጥዎአቸውን መምህሮቻቸው ባዩ ጊዜ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ተመለሱ፤ በለንደንም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ስንቁን የሰጠ መንግሥት ነው፤ መንገዱን ያቀናው ግን ተማሪውን የሚያውቅ መምህር ነው።

ከዚያም በፊት የነበረውን ቢመለከቱ ነገሩ እንዲሁ ሁኖ ይገኛል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ ወደ ህንድ አገር ተወስደው፥ የእንግሊዝ መኮንኖች ባደረጉላቸው ርዳታ ሕክምና ተማሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው ሲማሩ የተቀበላቸውና ያሳደጋቸው የሩሲያ ቤተሰብ ነበረ፤ በ1923 ዓ. ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። ኢትዮጵያም ተቀባይ ብቻ ሁና አልቀረችም፤ በ1950ዎቹ ዓ. ም. ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በራሷ ወጪ በአዲስ አበባ አስተምራለች።

በ1943 ዓ. ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ፥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመለት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ነው። የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በ1987 ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በአገር ውስጥ የሚማረው ብዙ ቢሆንም፥ ልዩ መሣሪያና ሰፊ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው ትምህርት ዛሬም ብዙውን ሰው ወደ ውጭ ይጠራዋል።

የዚህን ነገር ምሥጢር ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ነው። በወለንኮሚ የተወለዱት እኒህ ሊቅ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ። የፐርዲው ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ሊቅ ፕሮፌሰር ጆን አክስቴል የማሽላ ዘር ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ፥ የኮሌጁ መምህራቸው ወጣቱን ገቢሳን አስተዋወቋቸው። አብረው ከአገር አገር እየዞሩ ሲሠሩም አሜሪካዊው ሊቅ ትጋታቸውን አይተው ደቀ መዝሙራቸው ሊያደርጓቸው ጋበዟቸው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከዚያም አቀንጭራ የተባለውን የአዝመራ ጠላት የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። የዚህ ሁሉ መነሻ የአንድ መምህር ምስክርነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ዛሬ ስንቅ የሚገኝባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው የመንግሥታት ርዳታ ነው። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን፥ አመልካቹ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው እንዲሆን፥ ትምህርቱንም ሲፈጽም ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይትና የጀርመኑ ዳአድም በዚሁ ረድፍ ይቈጠራሉ። የኤውሮፓ ኅብረት ኤራስሙስ ሙንዱስ ተማሪውን ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚያስተምር ሲሆን፥ ለተመረጠው ለመኖሪያው በወር 1400 ዩሮ ይሰጠዋል። ለእነዚህ ርዳታዎች ለማመልከት ክፍያ የለም። ስለዚህ «ገንዘብ ክፈልና ስኮላርሺፕ ላስወጣልህ» የሚል ደላላ የሚሸጠው በነጻ የተሰጠውን ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ የራሷ መንገድ ነው። በ2004 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ፥ በናይጄሪያ፥ በካሜሩንና በአልጄሪያ ባሉት ተቋሞቹ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት መናገሻው አዲስ አበባ ሳለ፥ የከተማይቱ ልጆች ስለዚህ ዕድል ከሩቅ አገር ሰው መስማታቸው ሊያስቈጭ ይገባል።

ሦስተኛው፥ ብዙ ሰው የማያስተውለው፥ የዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው ካዝና ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የዶክትሬት ተማሪ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እያገለገለ የትምህርቱ ዋጋ ይቀርለታል፤ ለኑሮውም ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህን የሚያገኝ ሰው አስቀድሞ የፕሮፌሰሩን ሥራ አንብቦ፥ የራሱ ጥያቄ ከዚያ ሥራ ጋር በምን እንደሚገናኝ በአጭር ደብዳቤ የሚገልጥ ነው። አንዱን ደብዳቤ ስም እየለወጠ ለመቶ ሰው የሚልክ ግን ከመቶውም መልስ አያገኝም። የማመልከቻ ክፍያ ያቃተውም እንዲቀርለት በትሕትና ቢጠይቅ የሚፈቅዱለት ትምህርት ቤቶች አሉ።

ሦስቱም መንገዶች መጨረሻቸው አንድ በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የውጤት ማስረጃ፥ የቋንቋ ፈተና፥ የትምህርት ዓላማ የሚገልጥ ጽሑፍ፥ ከሁሉም በላይ ስለ አመልካቹ የሚመሰክሩ ሰዎች ቃል ይጠይቃሉ። ወጣቱ ፈተናውን ራሱ ሊያጠና፥ ዓላማውን ራሱ ሊጽፍ ይችላል፤ ምስክርነትን ግን ለራሱ ሊሰጥ አይችልም። የውጤት ማስረጃው በመዝገብ ቤት፥ የሥራ ፈቃዱ በአለቃው ጠረጴዛ፥ ምስክርነቱ በመምህሩ ብዕር ነው። ስለዚህ የስንቁ ቁልፍ ከውጭ አገር ይልቅ በአገር ውስጥ፥ በሹማምንትና በመምህራን እጅ ይገኛል።

ይህ ቁልፍ ግን በየቢሮው እንዴት ተይዟል? ወጣቱ ምስክርነት ለመለመን በመጣ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ሥራ በዝቶብኛል፤ አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ» የሚል ብዙ ነው። ይህ በጎ አድራጎት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ወጣቱን ስለ ራሱ የሐሰት ምስክር ያደርገዋል። አንባቢው ሊቅም የማንንም ስም ቢተኩበት የማይለወጥ ውዳሴ መሆኑን ፈጥኖ ያውቃል። ያየውንና የሚያውቀውን አንድ ሥራ፥ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሶ የሚመሰክር አጭር ደብዳቤ ግን ከአሥር ገጽ ውዳሴ ይበልጣል። የማመልከቻውም ጊዜ ቈራጥ ነው። አብዛኛው በነሐሴና በጥር መካከል ተከፍቶ ይዘጋል፤ አንድ ቀን የዘገየ ማኅተም የአንድ ሰው ዓመት ይበላል።

አንዳንድ ሹም ደግሞ ደብዳቤውን የሚከለክለው ከስንፍና ሳይሆን ከሥጋት ነው፤ «ይሄድና አይመለስም፤ መንግሥት ያስተማረው ልጅ ለባዕድ ይቀራል» ይላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሄዶ የቀረው ብዙ ነው። ሆኖም በር በመዝጋት የተያዘ ሰው ሥጋው በቢሮ፥ ልቡ በውጭ ይሆናል። በትክክል የተጻፈ የአገልግሎት ውል፥ ሲመለስም የሚሠራበት ወንበርና መሣሪያ ከክልከላ ይልቅ ይይዘዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመልሰዋል። በዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በሚታጠብበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ገለጡ። ይህንንም ሥራ የሚቀጥሉበት የምርምር ተቋም በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። የተመለሰ ሰው ሥራ ካገኘ ፍሬው ይህን ያህል ነው።

ደግሞም የባዕድ ካዝና ባለቤቱ በፈቀደ ጊዜ የሚከፈት፥ ባልፈቀደ ጊዜ የሚዘጋ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ለብዙ ኢትዮጵያውያን የትምህርት ወጪ ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ስንቅ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ለአንድ ወጣት የቋንቋ ፈተና በውጭ ምንዛሬ የሚተመነው ዋጋ የብዙ ወር ደመወዙን ይወስድበታል፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ትልቅ እድር ግን ሸክም አይሆንም። የቆሎ ተማሪን በቁራሽ ያስተማረ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚፈለገው ከባድ አይደለም። የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በመጣ ጊዜ በመሳቢያ ሳይቀበር በቀኑ በአደባባይ ይለጠፍ፤ የውጤት ማስረጃ ሲጠየቅ «ነገ ና» ሳይባል ይሰጥ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰውም የሚያውቀውን እውነት በራሱ እጅ ይጻፍ። ካህናትም በየደብራቸው ያለውን ብሩህ ልጅ ያውቃሉና፥ ስሙን ለሚረዳው ሰው ያድርሱለት። ወጣቱም በበኩሉ ከደላላ ደጅ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ይሂድ፤ አስቀድሞም ሊመሰከርለት የሚገባ ሥራ ይሥራ። የሚታይ ሥራ ያለውና የሚመሰክርለት ሰው ያገኘ ተማሪ፥ ስንቁ ቢዘገይ እንኳ መንገዱ አይጠፋበትም።