ኦትሱ፣ የቢዋ ሐይቅ ከተማ

በጃፓን አገር ከኪዮቶ በስተ ምሥራቅ ያሉትን ተራሮች ተሻግሮ ለሚወርድ መንገደኛ ባሕር መስሎ የሚታየው ውሃ የቢዋ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱም 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በአገሪቱ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። በደቡባዊ ጠረፉ የተቀመጠችው ጥንታዊት ከተማ ኦትሱ ከኪዮቶ በባቡር ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ብትርቅም፣ ብዙው ጎብኚ የኪዮቶን መቅደሶች ተሳልሞ ሲመለስ እርስዋን ሳያይ መቅረቱ እጅግ ያሳዝናል፤ ኪዮቶ ገና መናገሻ ሳትሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ667፣ ንጉሠ ነገሥት ቴንጂ ዙፋኑን የዘረጋው በኦትሱ ነበርና። ይሁን እንጂ እርሱ ካረፈ በኋላ በ672 በልጁና በወንድሙ መካከል በተነሣው ጦርነት ወንድሙ ድል ስላደረገ መናገሻነቱ ወደ አሱካ ተመለሰ።

ከከተማዋ በላይ በሂዬ ተራራ ላይ፣ ሳይቾ የተባለው የቡድሃ ሃይማኖት መነኩሴ በ788 የመሠረተው የኤንርያኩጂ ገዳም ይገኛል። በ1571 የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ ገዳሙን በእሳት ባወደመ ጊዜ በመቅደሱ ሲበራ የኖረው መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚሁ መብራት ተወስዶ በሰሜን በሪሻኩጂ ገዳም ይጠበቅ ከነበረው እሳት እንደ ገና ስለ ተለኮሰ እስከ ዛሬ ይበራል።

በእኔ አስተያየት ግን ከኦትሱ ቅርሶች ሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው በሚኢ ገዳም ግርጌ ወደ ተራራው የሚገባው የውሃ ቦይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶክዮ ከተዛወረ በኋላ ኪዮቶ ሕዝብዋ እየሳሳ ኢንዱስትሪዋም እየደከመ በሄደ ጊዜ፣ አገረ ገዥው ኪታጋኪ ኩኒሚቺ የሐይቁን ውሃ ተራራ አስበስቶ ወደ ከተማዪቱ ለማምጣት ቈረጠ፤ ሥራውንም ከምሕንድስና ኮሌጅ ገና ለወጣው ለታናቤ ሳኩሮ ዐደራ ሰጠ። በዚያ ዘመን ታላላቅ ግንባታዎች በውጭ አገር መሐንዲሶች ይመሩ ስለ ነበር፣ ይህን ያህል ሸክም በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ መጣሉ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ሥራው በ1885 ተጀመረ፤ 2,436 ሜትር የሚረዝመውን የመጀመሪያ ዋሻ ለማፋጠን ሠራተኞቹ ከሁለቱ አፎች ከመቈፈራቸው በቀር ከተራራው ላይ ቁልቁል ጉድጓድ አውርደው ከሥሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዐለቱን ፈለፈሉ፤ ቦዩም በ1890 ተፈጸመ።

አስቀድሞ የታሰበው የውሃውን ኃይል በመንኰራኵር ለማዋል ሲሆን፣ ታናቤ ግን በ1888 ወደ አሜሪካ ተጕዞ በአስፐን ከተማ በውሃ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ካየ በኋላ አሳቡን ለወጠ። በዚህም የተነሣ በ1891 በኪዮቶ የኬአጌ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1895ም የኪዮቶ ጐዳናዎች በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም አዩ። ጀልባዎችም ቦዩ በሚያዘቀዝቅበት በኬአጌ ሲደርሱ በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ተጭነው ይወርዱና ይወጡ ነበር።

የጭነቱ ጀልባ ከቀረ ዘመን ቢሆነውም የኪዮቶ ሕዝብ ዛሬም የሚጠጣው ከዚሁ ቦይ የሚወርደውን ውሃ ነው፤ ከ2018 ጀምሮም በጸደይና በመጸው የሚጓዝ የመንገደኞች ጀልባ ስላለ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከኦትሱ ተነሥቶ ዋሻዎቹን በውሃ ላይ እያለፈ ኪዮቶ ለመግባት ይችላል።