የእንግሊዝ ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦችና አንባቢዎቻቸው

የሕዝብን ዘፈን የሚመረምር ሰው ዐይኑን የሚጥለው በዘፋኙና በዘፈኑ ላይ ነው። ሰሚው ግን ሰምቶ የሚሄድ፣ ትቶት የሚያልፈውም ምልክት የሌለ ስለሚመስል፣ ብዙ ጊዜ ከጥናቱ ውጭ ይቀራል። በሃያኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የነበረው ሰሚ ግን ያሰበውን በየሳምንቱ የሚጽፍበት፣ ከሌላው ሰሚ ጋር የሚከራከርበት፣ አብሮት የሚጫወት ጓደኛም የሚፈልግበት ጋዜጣ ነበረው። ስለዚህ ስለ ሰሚው ማጥናት የፈለገ ተመራማሪ ምስክር አያጣም። ዳሩ ግን ምስክሩ ሁሉ እኩል አይታመንም፤ የትኛው ገጽ ስለ ምን እንደሚመሰክር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው። የምንናገረው ስለ ሁለት ጋዜጦች ነው፤ እነርሱም «ሜሎዲ ሜከር» እና «ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ሜሎዲ ሜከር» በጥር ወር 1926 ሲቋቋም ለሰሚ የታሰበ አልነበረም። ያቋቋሙት ሎውረንስ ራይት የተባሉ የዘፈን ኖታ አሳታሚ ሲሆኑ፣ ራሳቸውም ሆሬሾ ኒኮልስ በሚል የብዕር ስም ዜማ ይደርሱ ነበር። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኤድጋር ጃክሰን ነበሩ። ኖታ የሚገዙትና ዜማውን ለሕዝብ የሚያሰሙት በየሆቴሉና በየጭፈራው አዳራሽ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ስለነበሩ፣ ለእነዚሁ ባለሙያዎች የሚሆን መጽሔት በየወሩ ማውጣት ለአሳታሚው ንግድ የሚጠቅም ነገር ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው አንባቢ የሚጫወት ሰው ነው፤ ማስታወቂያውም ስለ ሳክስፎንና ስለ ከበሮ ነበር።

የማይጫወተው አንባቢ የገባው ቀስ በቀስ ነው። መጽሔቱ በ1933 ወደ ሳምንታዊ ጋዜጣነት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመትም በለንደን ከተማ የመጀመሪያው የጃዝ ሰሚዎች ክበብ ተከፈተ። የክበቡ አባሎች ተሰብስበው የሚያደርጉት ነገር ሸክላ ማሰማትና ስለ ሰሙት መነጋገር ነበር። ይህ ልማድ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ጋዜጣውም ዜናውን እያወጣ አገዘው። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1932፣ ዱክ ኤሊንግተንም በ1933 ለንደን መጥተው ተጫውተው ነበር። ነገር ግን ከ1935 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት በሙዚቀኞች ማኅበር ግፊት ለአሜሪካ የሙዚቃ ጓዶች የሥራ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ ይህም ክልከላ እስከ 1956 ድረስ ጸንቶ ቆየ። ማኅበሩ የአባሎቹን እንጀራ ለመጠበቅ ያደረገው ነገር ያላሰበውን ውጤት አመጣ። ለሃያ ዓመት ያህል የእንግሊዝ ወጣት ጃዝን የሚያውቀው ከሸክላና ከንባብ ብቻ ሆነ። ሰው ያላየውን ሙዚቀኛ በስም፣ በተወለደበት ከተማና በተቀረጸበት ቀን ጠንቅቆ የማወቅ ጠባይ፣ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ አንባቢ መለያ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» የተወለደው በሌላ መንገድ ነው። ሞሪስ ኪን የተባሉ የሙዚቃ ትርኢት አዘጋጅ፣ ሊዘጋ የተቃረበ አንድ የአኮርዲዮንና የሙዚቃ ጋዜጣ በ1,000 ፓውንድ ገዝተው፣ መጋቢት 7 ቀን 1952 በአዲሱ ስም አወጡት። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን የወጣው ቁጥር እስከ ዛሬ የሚታወስበትን ነገር ይዞ ነበር፤ ይኸውም በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የሸክላ ሽያጭ ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ዘፈን መወደድ የሚለካው ስንት ቅጂ ኖታ እንደተሸጠ በመቁጠር ነበር። ኖታ የሚገዛ ሰው በቤቱ ፒያኖ ያለው፣ ዘፈኑንም ራሱ የሚጫወተው ሰው ነው፤ ሸክላ የሚገዛ ግን የሌላውን ድምፅ የሚገዛ ነው። ስለዚህ የመለኪያው መለወጥ ተራ የሒሳብ ለውጥ አልነበረም፤ ዘፈን ከደራሲው ወደ ዘፋኙ መሻገሩን ያሳያል።

ደረጃው እንዴት ይሠራ እንደነበረ ግን ማወቅ ይገባል። የጋዜጣው የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ፐርሲ ዲኪንስ ወደ ሃያ ወደሚሆኑ የሸክላ ሱቆች ስልክ እየደወሉ በሳምንቱ ብዙ የተሸጠውን ይጠይቁና መልሱን ይደምሩ ነበር። የመጀመሪያው ዝርዝር አሥራ ሁለት ደረጃ ቢኖረውም እኩል የወጡ ስለነበሩ አሥራ አምስት ሸክላዎች ተጽፈውበታል፤ በራሱ ላይ የነበረው አል ማርቲኖ ነው። ይህ ከለንደን አንድ ቢሮ በስልክ የተሰበሰበ ወሬ እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አልነበረም። ሌሎች ጋዜጦችም የየራሳቸውን ዝርዝር ማውጣት ስለጀመሩ የእንግሊዝ ሬዲዮ የጋዜጦቹን ደረጃ አማካይ እያወጣ ያሰማ ነበር፤ ሁሉም የተቀበሉት አንድ ዝርዝር የተጀመረው በ1969 ነው። ከዚህ የሚመጣውን ስሕተት አንድ ምሳሌ ይገልጸዋል። በ1963 የወጣው የቢትልስ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» በሁለቱ ጋዜጦቻችን ዝርዝር አንደኛ ነበረ፤ በሌላ የነጋዴዎች መጽሔት ዝርዝር ግን ሁለተኛ ነበረ። በኋላ የታተሙት የደረጃ መጻሕፍት የነጋዴዎቹን መጽሔት ስለተከተሉ፣ ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው አንደኛ ብሎ ያወቀው ዘፈን በመጽሐፍ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ተማሪዎች የደረጃን ቁጥር ያለ ጥያቄ ሲጠቅሱ ስናይ ይህን ምሳሌ እናስታውሳቸዋለን።

ጋዜጣው በ1963 ለአንድ ትልቅ የኅትመት ድርጅት ተሸጠ፤ በ1964 የመጀመሪያ እኩሌታም በሳምንት በአማካይ ከ306,000 በላይ ቅጂ ይሸጥ ነበር። በየዓመቱ አንባቢዎች በድምፅ የመረጧቸው ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ይሰበሰቡ ነበር፤ ግንቦት 1 ቀን 1966 በዌምብሌይ የተደረገው ይህ ትርኢት ቢትልስ በእንግሊዝ አገር አስቀድሞ በታወቀ የትርኢት መድረክ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱበት ነው። የተሸጠው ቁጥርና የአንባቢው ቁጥር ግን አንድ አይደለም። አንዱ ቅጂ በቤት ውስጥ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ በትምህርት ቤትም ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ አንባቢው ከገዢው በብዙ ይበልጣል። በአንጻሩ አሳታሚዎች ማስታወቂያ ለመሸጥ ሲሉ ይህን ማብዛት ይወዳሉና፣ የአንባቢ ቁጥር ሲጠቀስ ጠቃሹ ማን እንደሆነ ማየት አይከፋም።

ስለ አንባቢው ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ገጽ በጋዜጣው ጀርባ የሚገኘው የጥቃቅን ማስታወቂያ ገጽ ነው። የደብዳቤው ዐምድ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁም ጠብ የሚያነሣውን ይመርጣል። ማስታወቂያ ግን ጻፊው በየቃሉ ከፍሎበት የሚያወጣው ስለሆነ፣ የሚፈልገውን በትክክል ይናገራል። «ሜሎዲ ሜከር» በዚህ ረገድ እንደ ገበያ ነበር። ቢል ብሩፎርድ በ1968 ከበሮ መቺ መሆናቸውን ያስታወቁት በዚሁ ጋዜጣ ነው፤ በኋላ «የስ» የተባለውን ጓድ የመሠረቱት ሰዎች አንብበው ጠሯቸው። በ1970 «ጄኔሲስ» ከበሮ መቺ ሲፈልግ ያወጣውን አይተው የመጡት ፊል ኮሊንስ ናቸው። በ1981 መጨረሻ «ዴፔሽ ሞድ» ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች እንደሚፈልግ አሳተመ፤ አለን ዋይልደር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ሳለ ዕድሜያቸውን ቀንሰው ቀረቡና ተቀጠሩ።

እነዚህን ማስታወቂያዎች በተከታታይ ያነበበ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። በቀድሞው ዘመን የሚጠየቀው ሙያ ነው፤ ኖታ ማንበብ፣ ሁለት መሣሪያ መጫወት፣ የራስ መጓጓዣ ማቅረብ። ጊዜ አባካኝ እንዳይመጣ የሚል ማስጠንቀቂያም አይጠፋም። በኋላ ግን ማስታወቂያው የሚወደዱ ሙዚቀኞችን ስም መዘርዘር ጀመረ። ስሞቹ የዘር ሐረግ እንደመቁጠር ናቸው፤ አንባቢው ዘመዴ ነህ ወይስ አይደለህም ተብሎ ይጠየቅባቸዋል። በ1989 «ስዌድ» የተባለው ጓድ ጊታር ተጫዋች ለማግኘት በ«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ያሳተመው ማስታወቂያ፣ ከስሞቹ ቀጥሎ በሙያቸው የሚመኩ እንዳይመጡ፣ ከችሎታም የሚበልጥ ነገር እንዳለ ይገልጽ ነበር፤ በዚህም በርናርድ በትለር ተገኙ። በ1926 ጋዜጣ የተቋቋመለት ባለሙያ ከስድሳ ዓመት በኋላ በጋዜጣ አይፈለግህም ተባለ። በእንግሊዝ ወጣቶች ዘንድ ሙዚቀኛነት ከእደ ጥበብነት ወደ ወገንነት መዞሩን ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም።

ይህ መዞር በጸሐፊዎቹም ላይ ታየ። በ1972 መጀመሪያ የ«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ሽያጭ ስለወደቀ ባለቤቶቹ ሊዘጉት አስበው ነበር። አዲሱ አዘጋጅ አለን ስሚዝ ከሕገ ወጥ መሰል የወጣቶች መጽሔቶች እነኒክ ኬንትንና ቻርልስ ሻር መሪን አመጡ፤ መሪ በ1970 «ኦዝ» የተባለው መጽሔት በተማሪዎች እጅ ባሰናዳው ቁጥር ላይ ገና ተማሪ ሳሉ የተሳተፉ ናቸው። ጋዜጣው ዳነ። በ1976 ደግሞ ወጣት ጸሐፊዎችን በማስታወቂያ ፈልጎ፣ የጂን ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩትን ቶኒ ፓርሰንስንና የአሥራ ሰባት ዓመቷን ጁሊ በርችልን ቀጠረ። አንባቢው ጸሐፊ የሚሆንበት፣ ጸሐፊውም ዘፋኝ የሚሆንበት በር ክፍት ነበረ። ክሪሲ ሃይንድ ጓዳቸውን ከመመሥረታቸው በፊት ለዚህ ጋዜጣ ጽፈዋል፤ በኋላ በ«ስሚዝስ» የታወቁት ሞሪሲም በልጅነታቸው ከማንቸስተር የጻፏቸው ደብዳቤዎች በዐምዱ ታትመውላቸዋል።

በሩ ለሁሉ እኩል ክፍት ነበር ማለት ግን አይደለም። ጋዜጦቹ ከጥቁሮች ሙዚቃ እየጠቀሱ ቢያድጉም አንባቢያቸው በብዛት ነጭ ወንድ ወጣት ነበር፤ የጥቁር ሙዚቀኛ ፎቶግራፍ በሽፋን ሲወጣ ሽያጭ ይቀንሳል የሚል እምነትም በአሳታሚዎች ዘንድ ነበረ። የሶል ሙዚቃ ወዳጆች በ1967 የተቋቋመውን «ብሉስ ኤንድ ሶል» የተባለ የራሳቸውን መጽሔት ያነቡ ነበር፤ ዴቭ ጎዲን በሰሜን እንግሊዝ ጭፈራ ቤቶች ለሚወደደው ሶል «ኖርዘርን ሶል» የሚል ስም የሰጡት በዚህ መጽሔት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የ«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ጸሐፊዎች በሂፕ ሆፕ ምክንያት ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ አዲሱን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ፊት ለፊት እናውጣ ሲል፣ ገሚሱ አንባቢያችን የጊታር ጓዶችን ይፈልጋል አለ። በ1986 ጋዜጣው «ሲ86» በሚል ካሴት ያሳተመው የጊታር ጓዶችን ነበር፤ በ1987ና በ1988 ግን የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ የሰየመው ሁለቱንም ጊዜ የ«ፐብሊክ ኤነሚ»ን ሥራ ነው። ጸሐፊውና ገዢው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ከዚህ ይታወቃል፤ ከጸሐፊው ፍርድ ተነሥቶ ስለ አንባቢው መናገር አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

በአገራችን ላይ በደረሰው ረኀብ ምክንያት በ1984 መጨረሻ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር «ባንድ ኤይድ» በተባለው ጓድ ዘፈን ሲያስቀርጹ፣ ይህ የጋዜጦች ዓለም አብሮ ተፈተነ። ጌልዶፍ ራሳቸው ቀድሞ በካናዳ የሙዚቃ ጋዜጠኛ ነበሩ። ሸክላው ወዲያው የደረጃው ራስ ሆነ፤ የ«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ገምጋሚ ግን የምክንያቱን ደግነት ሳይክድ ዘፈኑን መጥፎ ነው ብሎ ጻፈ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ጋዜጣው ለአንባቢው የገባው ቃል ስለ ሸክላው ያመነበትን መናገር ነበርና፣ እኛ የምንፈርደው ለገምጋሚው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። «ሜሎዲ ሜከር» በታኅሣሥ 2000 ተዘግቶ ከተቀናቃኙ ጋር ተቀላቀለ። ሙዚቃውም ወሬውም ማስታወቂያውም ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ሳምንት መጠበቅ ትርጉም አጣ፤ የ«ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» ሽያጭም ወደ 15,000 ገደማ ወረደ። በመስከረም 2015 በየባቡር ጣቢያውና በየዩኒቨርሲቲው በነፃ መታደል ጀመረ፤ የሚታደለውም ከ300,000 በላይ ስለነበር፣ በቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው የ1964ቱ ዘመን የተመለሰ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ግን አንባቢው ከኪሱ አውጥቶ ይገዛው የነበረውን፣ አሁን መንገደኛው አንሥቶ ይሄድ ነበር። ሳምንታዊው የወረቀት ኅትመት በመጋቢት 2018 ቆመ፤ በ2023 በቁጥር ተወስኖ በየሁለት ወሩ እንደገና መታተም ጀመረ።