የአየር መንገድ ጠባቂ ተማሪ

አይሮፕላን ነጂን የማያደንቅ ሰው የለም። ነገር ግን ነጂው ከመሬት ሲነሣም ሆነ ሲወርድ ፈቃድ የሚጠይቀው ሌላ ሰው መኖሩን፥ ይህም ሰው በማማ ላይ ሆኖ ወይም ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ በራዳር ፊት ተቀምጦ እንደሚሠራ የሚያስተውል ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር የዚህ ሥራ ጀማሪ የሚባለው አርቺ ሊግ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ ወንበርና ጃንጥላ በእጅ ጋሪ እየገፋ በሜዳው ዳር ይቀመጥ ነበር። መሣሪያውም ሁለት ባንዲራ ነበረ፤ አንዱ ሂድ፥ አንዱ ቁም የሚል።

ዛሬ በዚያ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚማረው በኦክላሆማ ሲቲ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በደንቡ መሠረት ማመልከቻውን ሲያቀርብ ዕድሜው 31 ያልሞላ መሆን አለበት፤ በ56 ዓመቱም ስፍራውን ይለቃል። በ1981 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙ ከ11,000 የሚበልጡ ተቈጣጣሪዎች በፕሬዚዳንት ሬገን ትእዛዝ በተሰናበቱ ጊዜ፥ ስፍራቸውን መሙላት ብዙ ዓመት የፈጀው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰውን ለዚህ ሥራ ማብሰል ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ።

ተማሪው አስቀድሞ የአየሩን ጠባይ፥ የአይሮፕላኑን ዓይነትና ሕጉን ይማራል። ለማማ የታጨው በገበታ ላይ በተሠራ ትንሽ የአይሮፕላን ሜዳ፥ አምሳያ አይሮፕላኖች በእጅ እየተገፉለት ይለማመዳል። ለሩቅ በረራ የታጨው ደግሞ የአንድን ክልል ካርታ ከነመንገዱ፥ ከነከፍታውና ከነሬዲዮ ቍጥሩ በቃሉ ይይዛል፤ ባዶ ወረቀት ሲሰጡትም ሳያጐድል መልሶ ይጽፈዋል። ቅኔና ዜማ የተማረ ሰው ይህን ድካም ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቃል ጥንቃቄ ነው። ተቈጣጣሪው ትእዛዝ ይሰጣል፥ ነጂው ቃሉን መልሶ ይናገራል፥ ተቈጣጣሪውም ስሕተት እንዳለበት ያዳምጣል። ተማሪው በመናገሩ ሳይሆን በማዳመጡ ይወድቃል፤ ጆሮ የተነገረውን ትቶ የጠበቀውን ይሰማልና። በእንግሊዝኛ አምስትና ዘጠኝ በሬዲዮ እንዳይምታቱ፥ ዘጠኝ «ናይነር» ተብሎ እንዲነገር የተደነገገው ስለዚሁ ነው።

በመጋቢት 27 ቀን 1977 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በቴኔሪፍ ደሴት ጉም በጋረደው ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የሆላንዱ አይሮፕላን ረዳት ነጂ «አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን» የሚል ቃል ተናገረ፤ አይሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቈጣጣሪው ቆሞ የሚጠብቅ መስሎት «እሺ» ብሎ መለሰ። «ቆይ፥ እጠራሃለሁ» የሚለው ቀጣዩ ቃሉ፥ በዚያው ቅጽበት ከተናገረው ከአሜሪካኑ አይሮፕላን ድምፅ ጋራ ተጋጭቶ በፉጨት ተዋጠ። 583 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሻር ካልሆነ በቀር አይነገርም። ተማሪው ይህን ቃል ያለ ስፍራው ያወጣ እንደ ሆነ መምህሩ የሚቈጣው በከንቱ አይደለም።

በመጨረሻው ፈተና 70 ነጥብ ያላገኘ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያልበቃውን ሰው አዝኖ ማሳለፍ፥ ዋጋውን በማያውቁት መንገደኞች ላይ መጣል ይሆናል። ያለፈውም ገና ተማሪ ነው። በተመደበበት ስፍራ እውነተኛውን አይሮፕላን ሲመራ መምህሩ ከጎኑ ተቀምጦ በዚያው መስመር ያዳምጣል፤ ስሕተት ሲመጣም የመምህሩ ድምፅ የተማሪውን ያቋርጣል። ኀላፊነቱም የመምህሩ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመትም ያልፋል። አንድ ቀን መምህሩ ፊርማውን ያኖርና የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ ነቅሎ ይሄዳል። ከዚያም የሚቀጥለው ነጂ ሲጠራ የሚመልስለት ያ ወጣት ብቻውን ነው።