ሕፃን ይዞ ባሕር ማዶ ስለ መጓዝ

ቀድሞ ባሕር ማዶ መሻገር የመልእክተኛ፣ የነጋዴና የተማሪ ዕጣ ነበረ። ዛሬ ግን አባቱ በሰው አገር የሚሠራ፣ ወይም በሰው አገር ተወልዶ አያቶቹ ሊያዩት የሚናፍቁት ሕፃን፣ ገና ጥርስ ሳያበቅል በአይሮፕላን ይሻገራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዱባይ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ዋሽንግተን ለመድረስ ግን ከዐሥራ አምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህ ለጎልማሳ ድካም ብቻ ነው። ለሕፃን ግን የሚተነፍሰው አየር፣ የሚተኛበት ሥፍራና የሚመገብበት ሰዓት ሁሉ በአንድ ቀን ይለወጥበታል፤ ትንሽ ሰውነቱም የያዘው ውኃ ጥቂት ስለ ሆነ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ፈጥኖ ያዳክመዋል።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ተምረን ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ትምህርታችንን በባሕር ማዶ ፈጽመን ስንመለስ የሰባት ወር ልጃችንን ይዘን ነበር። መሸጋገሪያ በሆነው አይሮፕላን ጣቢያ የዱቄት ወተት በጡጦ በጠበጥንለት። ሕፃኑ ግማሹን ጠጥቶ ተኛ። የቀረውን መድፋት አሳዘነንና አስቀምጠን ከጥቂት ሰዓት በኋላ በአየር ላይ ሰጠነው። አዲስ አበባ በገባን ማግሥት ተቅማጥና ትውከት ያዘው፤ ሲመሽ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አፉ ደርቆ፣ ሽንቱም ጠፍቶ ነበር። በዚያች ሌሊት አያቱ ከራስጌው ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ለሰው የምትመክረውን ለልጅህ ነፈግኸው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሕይወት አድን የሆነውን ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን ቅመም በማንኪያ እያጠጣን ነግቶልን፣ በሦስተኛው ቀን ልጁ ዳነ። ሕመሙን ያመጣው ምን እንደ ሆነ በርግጥ ማወቅ ባይቻልም፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱን የምንጥለው በዚያች ጡጦ ላይ ነው። አንባቢዎቻችን እንደ እኛ በጭንቅ ሳይሆን በምክር እንዲማሩ ስንል የሚከተለውን አቀረብን።

፩ኛ/ ጊዜውን ስለ መምረጥ

አብዛኞቹ የአየር መንገዶች በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ሕፃንን አይቀበሉም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የሐኪም ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። ነገር ግን መሳፈር ተፈቀደ ማለት መጓዝ ተገባ ማለት አይደለም። አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መቆየት ይሻላል። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ሕፃኑ ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች መቀበል የሚጀምረው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሁለተኛው፣ እናቲቱ ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ደሟ በእግሯ ሥሮች ውስጥ የመርጋት ጠባይ ይበዛበታል፤ ለረዥም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥም ይህን አደጋ ያብሰዋል።

አራስን አርባ ቀን ከቤት አለማውጣት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የቆየ ልማዳችን ነው። አርባ ቀንና ስድስት ሳምንት በሁለት ቀን ብቻ ይለያያሉ። ስለዚህ በዚህ ነገር የአያቶቻችን ልማድና የዛሬው ሕክምና ተቃራኒ ሳይሆኑ ወዳጆች ናቸው።

ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ትኩሳት ወይም የጆሮ ሕመም የያዘው ሕፃን ግን ሐኪም ሳያየው መሳፈር የለበትም። የትኬት ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የሕፃን ጤና ግን ከታወከ በኋላ መመለሱ ቀላል አይደለም።

፪ኛ/ ስለ ክትባትና ስለ ወረቀት

በአገራችን ሕፃን እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ ክትባት ይሰጠዋል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከሌሎችም በሽታዎች የሚከላከሉት ይከተላሉ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣል። የጉዞ ቀን ሲወሰን ይህን ተራ ማየት ያስፈልጋል።

ኩፍኝ የድኻ አገር በሽታ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ይነሣል፤ በአየር ስለሚተላለፍም መንገደኞች የሚሰበሰቡበት ቦታ ይመቸዋል። ስለዚህ ዕድሜው ከስድስት ወር በላይ ሆኖ ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ እንደ ሆነ፣ አንድ የኩፍኝ ክትባት አስቀድሞ ሊሰጠው እንዲችል ሐኪም ይጠየቅ። ይህ ግን ተጨማሪ ነው እንጂ በጊዜው የሚሰጡትን ሁለቱን አይተካም።

የቢጫ ወባ ክትባት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንጎልን ሊያስቆጣ ይችላልና። እንደ ደንቡ የሚሰጠው ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ነው። ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን የምታጠባ እናትም ራሷ ከመከተቧ በፊት ሐኪም ታማክር። ቢጫው የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ፣ በመሳፈሪያው ዋዜማ መሮጥ አይጠቅምም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠው ወረቀት ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ ተወስኗል።

ሕፃኑ የራሱ ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ይዞት ሲሄድ የሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ በብዙ አገሮች በር ላይ ሊጠየቅ ይችላል። የክትባት ካርዱና የልደት ምስክሩ በእጅ ቦርሳ ይያዙ እንጂ ከሻንጣ ጋር አይጫኑ።

፫ኛ/ በአይሮፕላን ውስጥ

ሕፃናት በአይሮፕላን የሚያለቅሱት ስለ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ጆሮ ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ አየር የያዘች ትንሽ ጓዳ አለች፤ ይህችም ጓዳ በቀጭን ቧንቧ ከጉሮሮ ጋር ትገናኛለች። የውጭው አየር ግፊት ሲለወጥ በቧንቧው አየር ገብቶ ወይም ወጥቶ ሁለቱ ይስተካከላሉ። የሕፃን ቧንቧ ጠባብ ስለ ሆነ ግን ፈጥኖ አይከፈትም፤ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ተስቦ ያመዋል።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ የሆነ ነገር አለ። የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት የሚጠበቀው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር በሚደርስ ተራራ ላይ እንደሚገኘው ሆኖ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ደግሞ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሡ የግፊቱ ለውጥ ጥቂት ነው፤ ሕፃኑም ብዙ አይሰማውም። ወላጆችም፣ «እነሆ፣ ሳይነካው አለፈ» ብለው ይዘናጋሉ። እውነተኛው ፈተና ጅዳን፣ ዱባይን ወይም ዋሽንግተንን ወደ መሰለ ዝቅተኛ ሥፍራ ሲወርዱ ይመጣል። መውረድ የሚጀመረው ከማረፍ በፊት በግማሽ ሰዓት ገደማ ነውና፣ በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ቢተኛ እንኳ ቀስቅሶ ጡት ማጥባት ይገባል። ሲውጥ ቧንቧው ይከፈታል። ስለዚህ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እስኪጠግብ አለማጥባት ብልኅነት ነው። አልጠባም ብሎ ቢያለቅስም አትደንግጡ፤ ልቅሶውም ራሱ ቧንቧውን ለመክፈት ይረዳል። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ቢደፈን፣ ለሕፃን የተዘጋጀ የጨው ውኃ ጠብታ ይጠቅመዋል።

አንዳንድ ወላጆች ሕፃኑ እንዲተኛላቸው የሳል ወይም የአለርጂ ሽሮፕ ይሰጡታል። ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያደክም ይችላል፤ በአንዳንዱም ላይ ተቃራኒውን ሠርቶ ያቅበጠብጠዋል። ጎረቤት መንገደኛ በልቅሶው ቢቆጣ ይቆጣ፤ ከሕፃን እስትንፋስ የሚበልጥ ይሉኝታ የለም።

በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሕፃን አልጋ ያላቸው አይሮፕላኖች አሉ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ትኬት ሲገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል። አይሮፕላኑ ሲናወጥ ሕፃኑን ከአልጋው አንሥቶ መታቀፍ፣ ለሕፃን የተሰጠ ቀበቶ ካለም በእርሱ ማሰር ይገባል። የእናቲቱ ቀበቶ እናትንና ልጅን በአንድነት እንዳይጠመጥም ይሁን፤ ድንገት ቢነቀነቅ ሕፃኑን ይጨፈልቀዋልና። አንቀልባ በጣቢያው ውስጥ ሲመላለሱ መልካም ነው፤ በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ግን ይፈታል። እናቲቱም በየሰዓቱ ገደማ ተነሥታ ትራመድ፣ ውኃም ታብዛ።

፬ኛ/ ስለ ምግብና ስለ ውኃ

ለመንገድ ከእናት ጡት የሚበልጥ ስንቅ የለም፤ ንጹሕ ነው፣ ዘወትር የሞቀ ነው፣ ዕቃም አይፈልግም። የአይሮፕላን ውስጥ አየር እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይገባል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። ለመንገድ ይጠቅመዋል ተብሎ የሚሰጠው ቅቤ፣ የአብሽ ውኃና የስኳር ውኃም ይቅር።

በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ካለ ይህን ልብ በሉ። ዱቄቱ በፋብሪካ ቢታሸግም ከተሐዋስያን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ብዙ ባልቀዘቀዘ፣ ይኸውም ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ ይበጥበጥ፤ ከዚያም ጡጦውን በቀዝቃዛ ውኃ አብርዶ መስጠት ነው። የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ፣ ሕፃኑም ጠጥቶ ያስተረፈው፣ ያለ ርኅራኄ ይደፋ። እኛ ያላደረግነው ይህንኑ ነበር። በጣቢያ ፍተሻ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ቢከለከልም፣ ለሕፃን ምግብ የሚሆነውን ብዙ አገሮች ይፈቅዳሉ፤ ለፈታሹ አስቀድሞ ማሳየት ብቻ ነው። የሕፃኑን ቆሻሻ ከለወጡ በኋላ፣ እንዲሁም ከመመገብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ።

ሁለትና ሦስት እሽግ ኦ.አር.ኤስ. ከቤት ይዞ መውጣት መልካም ነው። ተቅማጥ ቢነሣ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜም አንዱን እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ማጠጣት ነው። ቢያስታውከው ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ መቀጠል ይገባል። ጡት አይቋረጥም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ዚንክ የተባለው ክኒንም በሐኪም ትእዛዝ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ወይም ሦስት ወር ያልሞላው ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

፭ኛ/ ከደረሱ በኋላ

በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ሕፃን በመኪና የሚሄደው በልዩ የሕፃን መቀመጫ ታስሮ ነው፤ የጨቅላው ፊትም ወደ መኪናው ኋላ ይዞራል። እናት ስለ ታቀፈችው አይወድቅም ማለት ከንቱ ነው፤ በግጭት ጊዜ የሰው ክንድ ሕፃንን ይዞ ሊያስቀር አይችልም። ስለዚህ የሚቀበለው ዘመድ መቀመጫውን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገረው።

በዓረብ አገሮች በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሕፃኑን በቀትር አለማውጣት፣ ስስ ልብስ ማልበስ፣ በቆመ መኪና ውስጥም ለአንድ አፍታ እንኳ ትቶ አለመሄድ ያስፈልጋል።

ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን ለሚመጡ ዘመዶች ደግሞ የምንመክረው ስለ ወባ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለ ሆነች በወባ አታሰጋም፤ ከ2,000 ሜትር በታች ወዳሉት ቆላና ወይና ደጋ አገሮች ሲወርዱ ግን ሕፃኑ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ክብደቱ ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን የወባ መከላከያ ክኒን ስለማይሰጥ፣ እንዲህ ያለውን ጨቅላ ወደ ወባማ አገር አለመውሰድ ይመረጣል። ከተመለሱም በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ትኩሳት ቢይዘው፣ የት እንደ ነበረ ለሐኪሙ መንገር አይረሳ።

ክቡራን መምህራን፣ ከተማሪዎቻችሁ ወላጆች መካከል ፓስፖርት ይዘው ይህን ጽሑፍ ግን ማንበብ የማይችሉ ይኖራሉ። እባካችሁ አንብቡላቸው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውን ቃል ሁላችንም በአፍ እናውቀዋለን፤ እኛም በአፍ እናውቀው ነበር። በዚያች ሌሊት የአንድ ማንኪያ ውኃ ዋጋ እስኪገባን ድረስ ግን በልብ አላወቅነውም ነበር።