የአፈር ግድብና የባለቤቱ ኃላፊነት

በአዊ ዞን የሚገኙት የጥርባና የዘንገና ሐይቆች በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸውና ውሃቸውን የሚይዝላቸው ግድብ አያሻቸውም። በአንድ ጅረት ላይ አፈር አስቆልሎ እንዲህ ያለ መዝናኛ በገዛ ገንዘቡ ለማቋቋም የሚያስብ ነጋዴ ግን፥ ወጪውን ከማስላቱ በፊት የአፈርን ጠባይ ቢያውቅ ይበጀዋል።

የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰበት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሸርሽሮ ይፈርሳል። በመራዊ አጠገብ ያለው፥ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ ግድብም ከአፈር የተሠራ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም ደንቡ አንድ ነው። ለክረምት ጎርፍ የሚበቃ የትርፍ ውሃ መውረጃ ሊኖረው፥ መውረጃውም ዘወትር ክፍት ሊሆን ይገባል። (በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚያገለግል ባለቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚሰስትለት ወጪ ይኸው ነው።) አፈሩ በስሱ እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። ዲከረንስም ሆነ ባሕር ዛፍ ለውበት ተብሎ በግድቡ ላይ አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። ከግርጌው የሚሰርገው ውሃ ከደፈረሰ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።

የመዝናኛ ኩሬ ባለቤት ውሃው ሞልቶ እንዲታይ፥ ዓሣውም እንዳያመልጥ ይሻል። በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫንያ፥ የሳውዝ ፎርክ ግድብ ባለንብረት የነበረው የሀብታሞች ክበብ፥ አንድሩ ካርኔጊም አባሉ ነበር፥ ለሠረገላ መተላለፊያ ሲል የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ በመውረጃውም ላይ የዓሣ ማገጃ ወንፊት ተከለ። ውሃውን ከታች ለማጉደል ያገለግሉ የነበሩት የብረት ቧንቧዎች አስቀድሞ በነበረው ባለቤት ተነቅለው ተሸጠዋል። በ1881 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1889) በግንቦት ወር ዝናብ በበረታ ጊዜ ግድቡ ፈረሰ፤ ከበታቹ በነበረችው በጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። ክበቡ ቢከሰስም ካሳ ሳይከፍል ቀረ።

በኢትዮጵያ ሕግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069፥ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ፥ አደጋው ደርሶ ጉዳት ባስከተለ ጊዜ ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። «ጥፋት የለብኝም»፥ ወይም «ከአቅሜ በላይ ነበር» ማለቱ አያድነውም። ግድቡ የግል ቢሆንም ውሃው የግል አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃን ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ስላደረገው፥ አፈሩ ከመቆፈሩ አስቀድሞ የውሃ ሥራ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።