ሦስት ጭረት፣ ሁለት ቅንፍ

ስለ ልደታ ኮንዶሚኒየም በአማርኛ ዊኪፔዲያ ገጽ እንጻፍ እንበል። የሚጻፈው ነገር አይጠፋም። ነባሩ ሰፈር ፈርሶ በመልሶ ማልማት የተሠራ የጋራ መኖሪያ መሆኑን፣ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ ቅርብ መሆኑን፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት የልደታ ምድብም እዚያው አካባቢ እንዳለ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ጀማሪውን የሚያስደነግጠው ማረሚያውን ሲከፍት በጽሑፉ መሀል የሚያገኘው የጭረት፣ የቅንፍና የእኩል ምልክት ብዛት ነው።

ምልክቶቹ ያለ ነገር አልመጡም። የመጀመሪያውን ዊኪ፣ ማለትም አንባቢው ራሱ የሚያርመውን ድረ ገጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም ነው። በዚያን ጊዜ በድረ ገጽ ላይ አንዲት ቃል ለማድመቅ እንኳ ኤችቲኤምኤል የሚባለውን ኮድ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ከኒንግሃም ግን ኮድ የማያውቅ ሰውም እንዲጽፍ ስለፈለገ በማንኛውም ኪቦርድ ላይ ያሉትን ተራ ምልክቶች ለዚህ ሥራ መደባቸው። ከቃሉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጭረት (') ካደረጉ ጽሑፉ ያዘነብላል፤ ሦስት ሦስት ካደረጉ ይደምቃል። ይህ ዛሬም ይሠራል።

አንድ ነገሩ ግን ለእኛ አይሆንም ነበር። በእሱ ዊኪ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስድ አገናኝ የሚሠራው ቃላትን አጣብቆ በመጻፍና እያንዳንዱን በትልቅ የላቲን ፊደል በመጀመር ነበር። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ዘዴው በዚያው ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በአማርኛ አገናኝ መሥራት ባልተቻለ ነበር። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመሠረት ብዙም ሳይቆይ ድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍ መጣና ለማንኛውም ፊደል መንገዱ ተከፈተ።

እንግዲህ ገጻችን እንዲህ ይጀምራል፦

'''ልደታ ኮንዶሚኒየም''' በ[[አዲስ አበባ]] የሚገኝ የጋራ መኖሪያ ነው።

== መጓጓዣ ==

ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ።

ሁለቱ የእኩል ምልክቶች ሶፍትዌሩን «ከዚህ በታች ያለው ክፍል ስለ መጓጓዣ ነው» ይሉታል። ፊደሉን የማተለቁ ሥራ ከዚያ በኋላ የራሱ የሶፍትዌሩ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ርዕሱን በሦስት ጭረት አድምቆ ያልፈዋል፤ ለዓይን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ለማሽኑ ግን ያ መስመር ደመቅ ያለ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በገጹ ማውጫ ውስጥ አይገባም። ዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ አንባቢ ሶፍትዌር ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ሲሄድም አያገኘውም። በርዕሱ ሥር ንዑስ ርዕስ ካስፈለገ የእኩል ምልክቱ ሦስት ይሆናል። አንድ ብቻ አይደረግም፤ እሱ የገጹ የራሱ ስም ደረጃ ነው።

ዝርዝር ቀላል ነው። መስመሩን በኮከብ ምልክት ከጀመሩ ነጥብ፣ በፓውንድ ምልክት (#) ከጀመሩ ተራ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን በእጅ አይጻፉት፤ መሀል ላይ አንድ መስመር ሲገባ ሁሉም ይዛባል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ጣጣ አገናኙ ላይ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተገለበጡ መመሪያዎች «ቃሉን በድርብ ቅንፍ ክተተው» ብለው ያልፉታል። በአማርኛ ግን ቃል ሲረባ የመጨረሻ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። ኮንዶሚኒየም «ኮንዶሚኒየሙ» ሲሆን «ም» ወደ «ሙ» ትዞራለች፤ በዚያ ስም ደግሞ ገጽ የለም። ስለዚህ በቅንፉ ውስጥ ቀጥ ያለች መስመር ይገባል፦

[[ኮንዶሚኒየም|ኮንዶሚኒየሙ]]

ከመስመሯ በስተግራ ያለው የገጹ ትክክለኛ ስም ነው፤ በስተቀኝ ያለው አንባቢው የሚያየው። ለ«በ»፣ ለ«ከ» እና ለ«የ» ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከቅንፉ ውጭ ቀርተው ይጣበቃሉ። «ልደታ» የሚለው ስምም ብቻውን አይበቃም፤ የግንቦት አንዱ በዓል፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክፍለ ከተማው፣ የባቡር ጣቢያውም ልደታ ናቸው። የምንፈልገው ገጽ ስም «ልደታ (ክፍለ ከተማ)» ከሆነ እንዲህ ይጻፋል፦

[[ልደታ (ክፍለ ከተማ)|ልደታ]]

በዚህ ላይ የሞክሼ ፊደሎች ጉዳይ አለ። «ዓለም» እና «አለም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለሶፍትዌሩ ግን እንደ ጨውና ስኳር የተለያዩ ናቸው። ገጹ በአንደኛው ተጽፎ አገናኙ በሌላው ከሆነ ያለው ገጽ እንደሌለ ይቆጠራል። መፍትሔው በሁለተኛው አጻጻፍ ገጽ ከፍቶ ወደ መጀመሪያው የሚመራ ማዞሪያ ማስቀመጥ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን በእኔ እምነት ከአዳዲስ ጽሑፎች ባልተናነሰ ለአንባቢ ይጠቅማል።

ገጽ የሌለው አገናኝ በቀይ ይታያል። የብራና ቁም ጸሐፊዎቻችን ቀይ ቀለምን ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ያስቀምጡት ነበር፤ በዊኪ ቀዩ «ይህ ገና አልተጻፈም» ይላል። ቀይ ስላዩ አገናኙን ማጥፋት አያስፈልግም። ስሙ በትክክል ተጽፎ ከሆነ የሚጽፈውን ሰው ይጠብቃል።

የኪቦርዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ገጹን በአዲስ አበባ መደብ (ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ገጾች በሚሰባሰቡበት ዝርዝር) ውስጥ ለማስገባት መጨረሻ ላይ [[መደብ:አዲስ አበባ]] ይባላል። መሀል ላይ ያለችው ምልክት የላቲኑ ኮሎን ናት። በርካታ የአማርኛ ኪቦርዶች ግን ኮሎን ሲጫኑ የግዕዙን ሁለት ነጥብ (፡) ያወጣሉ። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በዩኒኮድ ግን የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ያኔ ገጹ መደብ ውስጥ አይገባም፤ በምትኩ ቀይ አገናኝ ጽሑፉ ላይ ይዘረጋል። ጭረቷም እንደዚያው ነች። አንዳንድ ስልክ ለማሳመር ብሎ ቀጥ ያለችውን (') ወደ ጎባጣ (’) ይለውጣታል። ጎባጣዋን ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ቢደረድሩ ቃሉ አይደምቅም። የሚሻለው ምልክት ሲጽፉ ኪቦርዱን ወደ ላቲን መመለስ ነው።

በእስክሪብቶ የለመደ ሰው አንቀጽ ሲጀምር ከመስመሩ ገባ ይላል። በዊኪ ይህ አይሠራም። መስመር በክፍት ቦታ ከተጀመረ ሶፍትዌሩ እንዳለ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው ብሎ በሣጥን ያጥረዋል፤ መስመሩም ከስክሪኑ አልፎ ይሄዳል። አንቀጽ የሚለየው በመሀሉ አንድ ባዶ መስመር በመተው ነው። ኢንተርን አንዴ መጫን አይበቃም፤ ሁለቱ መስመሮች ተያይዘው ይወጣሉ።

ስለ ማዘንበል አንድ ነገር ልበል፤ ባይነካ ይሻላል። አብዛኛው የግዕዝ ፎንት ለዚያ ተብሎ የተቀረጸ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያጋድለዋል፤ ውጤቱም አያምርም። የመጽሐፍ ስም በ«» ውስጥ ማስገባት የቆየ ልማዳችን ነውና እሱ ይበቃል። ድምቀትም የገጹ ስም መጀመሪያ ላይ ሲጠራ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው፤ «ጨ»ና «ጩ» ደምቀው በትንሽ ስልክ ላይ ሲታዩ መለየት ያቅታል።

እንደ ወርድ በአዝራር የሚሠራ ማረሚያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ መጥቷል፤ ምልክት ሳያዩ መጻፍ ይቻላል። ከበስተጀርባ የሚቀመጠው ግን ያው ጭረትና ቅንፍ ስለሆነ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚታረመው እዚያ ወርዶ ነው። ከማስቀመጥ በፊት ቅድመ እይታውን መጫን ብዙ ያድናል። ሳያዩ ቢያስቀምጡም የገጹ የቀድሞ ቅጂዎች በሙሉ በታሪኩ ውስጥ ስላሉ የትናንቱን መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው።