ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ጽጌረዳ ሕመም

በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚበረታበት ወራት ጽጌረዳ በግቢው የተከለ ሰው ደስ ይለዋል፤ ዝናቡ ውኃ የማጠጣቱን ድካም ያስቀርለታልና። ነገር ግን ቅጠሏን የሚያጠፋው ጠላት ከዚያው ዝናብ ጋራ እንደሚመጣ ብዙዎቻችን አናስተውልም።

እኛም ባለማወቃችን ተጐድተናል። ባንድ ወቅት በደጃችን ያሉት ጽጌረዳዎች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ በረገፈ ጊዜ ውኃ የጠማቸው መስሎን፣ ማታ ከሥራ ስንመለስ ከላይ እናርከፈክፍላቸው ነበር። ልናድናቸው ስንደክም ሕመሙን ከቅጠል ወደ ቅጠል ያዛመትነው እኛው ራሳችን ነበርን። ሦስቱ ደርቀው ቀሩ።

ይህ በሽታ ጥቁር ነጠብጣብ ይባላል። የሚያመጣውም ከሻጋታ ወገን የሆነው ፈንገስ ነው፤ ሊቃውንት ዲፕሎካርፖን ሮዜ ብለው ሰይመውታል። ምልክቱ እንዲህ ነው። በቅጠሉ ፊት ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ዳሩ እንደ ተበጣጠሰ ጨርቅ ነው፤ ስፋቱም እስከ 12 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዚያ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ሕመሙ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የውኃ ጥም ግን ይህን የመሰለ ጥቁር ነጥብ አያወጣም። በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ ከታየ ደግሞ ሕመሙ ሌላ ነው።

የጥቁሩ ነጠብጣብ ዘር በቅጠል ላይ በቅሎ እንዲገባ ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል ርጥብ ሆኖ መቈየት አለበት። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ አይደርቅም፤ ማለዳ የረጠበውን ግን ፀሐይ ያደርቀዋል። ስለዚህ ውኃው በማለዳ፣ ያውም ከሥሩ ብቻ ይፍሰስ። ዘሩ በወደቀ ቅጠልና በታመመ ቅርንጫፍ ላይ ቈይቶ እንደገና ስለሚነሣ፣ የረገፈው ሁሉ ተለቅሞ ይቃጠል፤ የታመመውም ቅርንጫፍ ይቈረጥ፤ መቀሱም በአልኮል ይጠረግ። ነፋስ እንዲያልፍባቸው ተክሎቹን አራርቆ መትከል ይገባል። ከድኝ ወይም ከመዳብ የተሠራው መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይረጫል፤ ሆኖም ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አይፈውስም። ስለዚህ የሚረጨው ሕመሙ ሳይስፋፋ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንባቢዎቻችንም ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ጐንበስ ብለው የታችኛውን ቅጠል ይመልከቱ።